ራሱ የሚዘጋ በር

ደብዳቤው በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ነው የመጣው። እኔ ኡዘይር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣልኝ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ብረትህን ከመንገድ ዳር አንሳ ሊሉኝ ነው። ይሄኛው ግን «ለተከበሩ አቶ ኡዘይር» ብሎ ይጀምራል። የተከበሩ! ሰበታ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በርና መስኮት ስበይድ የተከበሩ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። «አንተ ሰውዬ፣ በሩ የት ደረሰ?» ያለኝን ግን ቤት ይቁጠረው።

የጻፈልኝ ከብየዳ ቤቴ ከፍ ብሎ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በአካባቢው ካለ ድርጅት ጋር ለሦስት ወር እየዋሉ ጥናት መሥራት አለባቸው ይላል። የእኔ ድርሻ ልጁን ማሳየት፣ መምከርና መጨረሻ ላይ ጥናቱ ላይ መፈረም ነው። ካልፈረምኩ ጥናቱ አይያዝም፤ ጥናቱ ካልተያዘ ልጁ ጋውን ለብሶ መድረክ ላይ አይወጣም። ለዚህ ሥልጣን የሰጡኝ ስም «ሜንተር» ይባላል። ረዳቴ ጉታ ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

«አለቃ፣ ሜንተር ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ይፈርማል» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያድርግ?»

ጉታ ራሱን ነቀነቀና የብየዳ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

ገና ምንም ሳይጀመር መምህር ሽመክት መጣ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ፣ ያለ ባነር የትም የማይሄድ ሰው። አራት ሜትር ባነር ከግድግዳዬ ላይ ሰቅሎ ብረቶቼን ሁሉ ሸፈነብኝ። ከዚያ እኔን ከተማሪዋ ጋር እያጨባበጠ ፎቶ አነሳን። ግራይንደር አስይዞ አነሳን። የጠፋ ግራይንደር ላይ አጎንብሰን «የምንሠራ» መስለን እንድንታይ አድርጎ አነሳን። ከሰዓት በኋላ ፎቶው በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ «ስኬታማው የሜንተርሺፕ መርሐ ግብር ተጠናቀቀ» ተብሎ ተለጠፈ። ልጅቷ ገና ደብተሯን አልከፈተችም።

ተማሪዋ ሲድራ ትባላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ዓለም ገና ጎማ ይሸጣል። እኔ ብረት የሚያነሳልኝ ጎረምሳ ነበር የጠበቅኩት፤ የመጣችልኝ ንፋስ የሚወስዳት ቀጭን ልጅ ናት። ንፋስ ይወስዳታል ያልኩት ግን አንደበቷን ከመስማቴ በፊት ነው።

«ምን ልትማሪ ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«የእርስዎ በሮች ራሳቸውን ይዘጋሉ። እንዴት እንደሆነ ላጠና ነው፣ ጋሼ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ብኩራራ ይገባኛል። የኡዘይር በር ራሱ ይዘጋል። ከስድስት ዓመት ወዲህ የሰቀልኩት የግቢ በር ሁሉ ገፍተህ ገብተህ ብትለቀው ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ከኋላህ ገጥም ይላል። ፍየል አይወጣም፣ ውሻ አይገባም። ሰዉ «ምን ዓይነት እጅ ነው!» ይላል። ቡራዩ ድረስ፣ ሱሉልታ ድረስ እየጠሩኝ ሰቅያለሁ። በብየዳ ቤቴ ላይም በቀይ ቀለም አስጽፌዋለሁ። ምስጢሩን ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ «ሙያ ነው» እላለሁ።

እውነቱን ከተናገርኩ ምስጢሩን እኔም አላውቀውም ነበር። የመጀመሪያው በር ራሱን ሲዘጋ ነፋስ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ደነገጥኩ። በሦስተኛው የቤቱ እመቤት «ኧረ ጋሽ ኡዘይር፣ እንዴት አድርገህ ሠራኸው!» ብላ ስትስመኝ ሙያዬ መሆኑ ገባኝ። ሰው ሲያደንቅህ «አላውቅም» ትላለህ? እኔ አልልም።

ሲድራ ሥራ ጀመረች። ሥራዋም እኔን ማናደድ ነበር። ደንበኛ መጥቶ «አለቀ?» ሲለኝ «ቀለም ብቻ ነው የቀረው» እላለሁ፤ እሷ ከጥግ ሆና «ቀለም የቀረው የእሳቸው ነው እንዴ? ላሜራው ገና አልተቆረጠም መስሎኝ» ትላለች። በተንኮል ቢሆን ደግ፤ በቅንነት ነው። ጉታ በመነጽሩ ውስጥ ሆኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅብኛል። እኔ ግን ደሜ ይፈላል።

በሁለተኛው ሳምንት ክር ላይ አንድ የብሎን ዳዶ አሰረችና ጠፋች። ዳዶውንም የወሰደችው ከእኔው ሳጥን ነው። የሰቀልኳቸውን በሮች ዝርዝር ከጉታ ለቅማ፣ በታክሲና በባጃጅ እየዞረች፣ ሰበታን፣ ዓለም ገናን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አዳረሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሯን አቅፋ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ሠላሳ አንድ በር ለካሁ።»

«ጎበዝ።»

«ሠላሳ አንዱም ቋሚያቸው ያዘነብላል። ሁሉም ወደ አንድ በኩል፤ በሁለት ሜትር ላይ ሁለት ሳንቲም ተኩል።»

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «በምን ለካሽው?»

«በቱምቢ።» ክሯንና ዳዶዋን አነሳችልኝ።

«የሃያ ሁለት ዓመት ሙያ በዳዶ ለካሽው? እኔ በውሃ ልክ ነው የምሠራው! በጣሊያን ውሃ ልክ!»

«ላየው እችላለሁ?»

ውሃ ልኬን ማንም አይነካውም። ጉታ እንኳ ስምንት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ይዞት አያውቅም። ራሴ አወጣሁት፣ በጨርቅ ጠረግሁት፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ወደ እኔ እንዲዞር አድርጌ ከብየዳ ቤቱ ምሰሶ ላይ ለጠፍኩት። ሁሌም እንደዚያ ነው የምይዘው። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች።

«አየሽ?» አልኳት።

ሲድራ ውሃ ልኩን ከእጄ ወሰደችና ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙራ እዚያው ምሰሶ ላይ መልሳ ለጠፈችው። አረፋዋ ወደ ዳር ሸሸች።

«ውሃ ልክ አይገለበጥም!» ብዬ ጮህኩ።

ጉታ ሥራውን አቁሞ መጣ። አየው፤ ደግሞ አዙሮ አየው። «አለቃ፣ ደህና ውሃ ልክ ከሆነ እንደፈለግህ ብታዞረው ያው ነው። ይሄ ተበላሽቷል» አለ። ትንሽ አሰበና «ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ ሱሉልታ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀው ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ሆነው» ብሎ ጨመረበት።

ወሽመጤ ብጥስ አለ። ሲድራ ደብተሯን አቁማ ጀርባውን በትንሹ አዘነበለችው፤ ሽፋኑ ራሱ ተንሸራቶ ተከደነ። «በሩ የሚዘጋው በዚህ ነው» አለችኝ። «ቋሚው ሲያዘነብል በሩ ወደ ዝቅታው ይሄዳል። ውሃ ልኩን ሁሌ በአንድ ፊት ስለሚይዙት ሁሉም በር አንድ ዓይነት ሆነ።»

ይሄ ነበር እንግዲህ ሙያዬ። ስድስት ዓመት የተመሰገንኩበት እጅ ከፎቅ የወደቀ መሣሪያ ኖሯል።

«ይሁን» አልኳት፣ «ይዘጋል አይደል? ማንን ጎዳ?»

ገጹን ገለጠችልኝ። «ክብደቱ ሁሉ የላይኛው ማጠፊያ ላይ ነው የሚያርፈው። አራቱ ተሰንጥቀዋል። አንዱ የእትዬ የሺወርቅ መዋዕለ ሕፃናት በር ነው። ልጆቹ እየተንጠለጠሉ ይጫወቱበታል፣ ጋሼ።»

ክው አልኩ። ያ በር ሁለት ሰው አያነሳውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጉታንና ጄኔሬተሩን ይዤ ልጆቹ በሌሉበት መዋዕለ ሕፃናቱ ደረስኩ። ማጠፊያው በእርግጥም ተሰንጥቋል፤ ጥፍር ያስገባል። አወለቅሁት። ወይዘሮ የሺወርቅ ነጠላቸውን እየሳቡ ወጡ። «ምነው ኡዘይር፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«የነበረው ማጠፊያ ተበላሽቶ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንደበቴ ግን «ነፃ ጥገና ነው፣ እማማ! ለድሮ ደንበኞቻችን» አለ። መረቁኝ። ልጆች ይውጡልህ፣ ክፉ አይንካህ አሉኝ። ጉታ ወደ ሌላ ዞሮ አሳለው። ቀሪዎቹን ሦስት የተሰነጠቁ ማጠፊያዎችም በዚያው ሳምንት በወፍራም ቀየርኩ፣ ቋሚዎቹን ግን አላቃናሁም፤ ሦስቱም ቤት መረቁኝ። ሃያ ሰባቱ ገና አልተሰነጠቁም፣ እነሱን አልነካኋቸውም። አዲስ ውሃ ልክም ገዛሁ፤ አሮጌውን ጉታ ወስዶ ሚዛን የማያስፈልገው ሥራ ላይ፣ ለጠረጴዛ ማስደገፊያ አዋለው።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሲድራ ጥናቷን አሳትማ አመጣችው። ርእሱን ሳነብ ዓይኔ ጨለመ፦ «የተበላሸ ውሃ ልክ በሠላሳ አንድ በሮች ላይ ያደረሰው ጉዳት»። ውስጡ የእያንዳንዱ በር ፎቶ፣ ሰፈሩና የዘመመበት ልክ አለ። ጥናቱ ደግሞ የሚቀርበው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። የወላጁ ግማሽ ደንበኛዬ ነው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለች፣ እስክሪብቶ ዘርግታ።

«አልፈርምም።»

«ስህተት አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ስህተት ስለሌለበት ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ወረቀት አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ነገ ማን በር ያሠራኛል?»

 ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ካልፈረሙ አልመረቅም እኮ፣ ጋሼ። እናቴ ቀሚስ ሁሉ አሰፍታለች።»

አዝኜላታለሁ። ግን ለራሴ የበለጠ አዘንኩ፤ ይሄን መደበቅ አልችልም።

መምህር ሽመክትን አስጠራሁት። አስተማሪ ነውና ለተማሪው ይቆማል፣ ይጮህብኛል፣ ከዚያ እኔም ተገድጄ እፈርማለሁ ብዬ ነበር። እንዲያውም ቢጮህብኝ ደስ ሳይለኝ አይቀርም ነበር። እሱ ግን ጥናቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ሲድራ፣ ይሄ አሉታዊ ነው» አላት። «ችግር ከሆነ በመመሪያችን 'ያጋጠሙ ተግዳሮቶች' የሚል ግማሽ ገጽ አለ፣ እዚያ ይገባል። ጥናት ውጤት ማሳየት አለበት። በሩ ራሱ ይዘጋል አይደል? ውጤት ማለት እሱ ነው።» ቆም ብሎ ጣሪያውን አየና ፊቱ በራ። «'ራሱ የሚዘጋ በር፦ አገር በቀል ፈጠራ።' ለባነርም ይመቻል።»

«ፈጠራ አይደለም፣ ቲቸር። ውሃ ልኩ ወድቆ ተበላሽቶ ነው።»

«ስንት ፈጠራ በአጋጣሚ ተገኝቷል!»

ሲድራ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይናገሩ፣ ጋሼ። ሆን ብለው ነው ያዘነበሉት?»

ጉታ ግራይንደሩን አጠፋ።  እኔ መሬት መሬት እያየሁ «ሆን ብዬ ነው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አዲሱን ወረቀት አመጣች። ሽፋኑ ላይ አገር በቀል ፈጠራ ይላል። ውስጡ «ጋሽ ኡዘይር በረቀቀ ስሌት ቋሚውን በሁለት ሜትር ላይ ሁለት ሳንቲም ተኩል ያዘነብላሉ» ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ ፈረምኩ፤ ስሜን በሙሉ፣ ከነአባቴ። ከፊርማዬ በላይ «ትክክለኛነቱን አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር ነበረ።

የአቀራረቡ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባነሩ ስድስት ሜትር ሆኗል። ከሲድራ በፊት የቀረቡት ልጆች ዳቦ ቤት ውስጥ ስለ ዳቦ ጥቅም፣ ፋርማሲ ውስጥ ስለ ጤና ጥቅም አጥንተው ነበር። ሁሉም ለሜንተሮቻቸው ምስጋና ሲያቀርቡ ሁለት ገጽ ይወስዳሉ፤ ጥናቱ ራሱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሲድራ ግን ትንሽ የብረት በር ሠርታ አምጥታለች። ገፍታ ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ ገጥም አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንደኛ ወጣች። እኔም «የዓመቱ ምርጥ ሜንተር» ተብዬ መድረክ ላይ ተጠራሁ። ወይዘሮ የሺወርቅ ድምፅ ማጉያ ተቀብለው በገዛ እጄ ያለ አንዳች ክፍያ በራቸውን እንደጠገንኩላቸው ሲናገሩ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ሰርተፊኬቴን በደረቴ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ትሑት መስዬ ቆምኩ።

ያኔ ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ገብረየስ ነው፤ ቡራዩ የእህል መጋዘን ያለው፣ ሁለት በር የሠራሁለት ነጋዴ። ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት ይማራል።

«በሩ እንዲህ ካዘነበለ፣ ውሎ አድሮ ማጠፊያውን አይጎዳውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

 ሲድራ ወደ እኔ ዞረች።  አሁን ትናገራለች ብዬ የሰርተፊኬቱን ጫፍ አጨማደድኩት።

«ይጎዳዋል» አለች። «ለዚህ ነው ጋሽ ኡዘይር ሁሉንም በር እየዞሩ በነፃ የሚያስተካክሉት። እትዬ የሺወርቅ እንደነገሩን፣ ጀምረዋል። ሃያ ሰባት ነው የቀራቸው። በሁለት ወር ይጨርሳሉ።»

ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ። እልል ያለችም ነበረች። እኔ ምን ልበል? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ያዝኳት። «አንቺ! መቼ አልኩሽ እኔ?»

ሲድራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በእጇ የጻፈችው የሃያ ሰባት በሮች ዝርዝር ነው፤ ማጠፊያው በጣም የተጎዳው ከላይ፣ ትንሽ የተጎዳው ከታች። «ከሱሉልታ ይጀምሩ» አለችኝ፣ «እሱ ብዙ አይቆይም።» ከዚያ እናቷ ጋ ለፎቶ ሮጠች።

ሳልወድ ጀመርኩ። ከጉታ ጋር ማጠፊያዎቹን እየቆረጥን፣ በቱምቢና በአዲሱ ውሃ ልክ እያስተካከልን መልሰን በየድን። ሱሉልታ አምስት፣ ሰበታና ዓለም ገና አሥራ ስድስት፤ አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው ስለምንሮጥ ባለቤቶቹ ሲሞክሩት አላየንም። መጀመሪያ በግድ፣ ኋላ ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ እያለኝ። አዲሶቹ ማጠፊያዎች ቀጥ ብለው ሲገጥሙ አይቼ «ይሄኛውስ የእኔ ነው» አልኩ። ጉታም «ኤዬ፣ አዎ አለቃ፣ አሁን በር ሆነ» አለኝ። ለስድስት ዓመት እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር አልሠራሁም ነበር።

ቡራዩ ስንደርስ የመጀመሪያው የገብረየስ ግቢ ነበር። አስተካክለን፣ ቀለም ነካ ነካ አድርገን፣ ለሱ አስረከብን። ገፋው፣ ገባ፣ ለቀቀው። በሩ ባለበት ቆመ። ዞሮ አየው። ደግሞ ገፋው። በሩ አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«ምን አደረግኸው?» አለኝ።

«አስተካከልኩት። ቀጥ ነው አሁን።»

«አይዘጋም እኮ!»

«በእጅህ ዝጋው።»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «በእጄማ የማንም በር ይዘጋል! ለዚህ ብዬ ነው ከቡራዩ ሰበታ ድረስ አንተን ፍለጋ የመጣሁት?» እየጮኸ ነበር። ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ከጎረቤቶቹም አንዱ ከሱሉልታ ዘመዱ ደውሎለት እንደነበር ተናገረ፤ እዚያም አምስቱም በር ራሱን መዝጋት አቁሟል፣ ሰዎቹ እየፈለጉኝ ነው።

አላህ ያውቃል፣ ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር ወሰንኩ። እንደ ሲድራ ፊት ለፊት፣ በቅንነት። «ስማኝ ገብረየስ» አልኩት። «ድሮውንም ስህተት ነበር። ውሃ ልኬ ከፎቅ ወድቆ ተበላሽቶ፣ ሳላውቅ ነው ያዘነበልኩት። ፈጠራ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ትክክለኛው ይሄ ነው።»

ገብረየስ ሳቀብኝ። ሰዉም ሳቀ። «ልጅቷ በጥናት አረጋግጣ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦ፣ አንተ አሁን ሥራ በዝቶብህ አበላሽተኸው ልታታልለኝ ነው?» ስልኩን አወጣ። ጥናቱ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። ጣቱን እየጎተተ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰና አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ትክክለኛነቱን አረጋግጫለሁ ይላል፤ ከሥሩ ስሜ በሙሉ፣ ከነአባቴ።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩት።

«እንግዲያው ወደ ነበረበት መልስልኝ።»